የላይኛውን ጥርስ ለመመለስ የታችኛው ለምን ይገፋል?

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሰጠው ስም አንድ ነው፤ ገጣጣ። የላይኛው የፊት ጥርሱ ወደ ውጭ የወጣ ልጅ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይህን ስም ሳይወድ ይሸከማል። ፍንጭትን የሚያደንቀው ባህላችን ገጣጣን አይምርም። ወላጆች ብሬስ፣ ማለትም የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ለማሳሰር የሚነሱትም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። ጥያቄው ስለ ላይኛው ጥርስ ስለሆነ መልሱም ስለ ላይኛው ብቻ ይመስላል። ሕክምናው ተጀምሮ ዓመት ሲሞላው ግን አንዳንዱ መስታወት ፊት ቆሞ ያልጠበቀውን ያያል፤ ማንም ያላማው የታችኛው የፊት ጥርስ ወደ ከንፈሩ አዘንብሏል። «ብሬሱ የታቹን አበላሸብኝ» የሚለው ቅሬታ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ቅሬታው አንዳንዴ እውነት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የታየው ነገር ከመሣሪያው አሠራር የሚመጣ፣ ሐኪሙም ሲያቅድ አስቀድሞ የቆጠረው እንቅስቃሴ ነው። የሚጎድለው ለታካሚው መንገሩ ነው።

ገጣጣ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ኦርቶዶንቲስት፣ ማለትም የጥርስ አሰላለፍ ሐኪም፣ ነገሩን በሁለት አቅጣጫ ይለካል። (ስሙ «ቀጥ ያለ» እና «ጥርስ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው፤ ከኦርቶዶክስ ጋር የሚዛመደው በመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው።) አንደኛው ልኬት ወደ ፊት ነው፤ የኋላ ጥርሶች ሲገጥሙ የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው ስንት ሚሊ ሜትር ቀድሞ ይቆማል? 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ጤናማ ነው። ከ6 ሲያልፍ እንደ ከባድ ይቆጠራል፤ ልጁ ቢወድቅ መጀመሪያ የሚመታው ጥርሱ ነውና። ሁለተኛው ልኬት ወደ ታች ነው፤ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ምን ያህል ይሸፍነዋል? ሲሶ ያህል ከሸፈነው ደህና ነው። ጨርሶ ከሸፈነው ጥልቅ ንክሻ ይባላል።

አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን «ኦቨርባይት አለብኝ» ሲሉ ከሁለቱ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ቃሉ ለሁለቱም ይውላል። ሕክምናቸው ግን ይለያያል፤ በታችኛው ጥርስ ላይ የሚያደርሱትም እንዲሁ።

ሌላም አለ። ገጣጣ የሚባለው ሰው የላይኛው ጥርሱ ቦታውን ሳይለቅ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረው የታችኛው መንጋጭላ ነው፤ አገጩ ስለራቀ ላይኛው የወጣ ይመስላል። ይህን የሚለየው የጎን ራጅ ነው፤ ፊትን ከጎን አንስቶ አጥንትና ጥርስ በየትኛው ማዕዘን እንደቆሙ የሚያሳይ። ያለዚህ ራጅ «ላይኛውን ወደ ኋላ እንጎትተው» ማለት ግምት ነው።

አጥንት ውስጥ የተተከለ ጥርስ እንዴት ይንቀሳቀሳል?

ጥርስ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ሚስማር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ሩብ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ የጅማት ሽፋን አለ። ጥርሱ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ሽፋኑ በዚያ ወገን ይጨመቃል፤ አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳት መጥተው ሥራ ይጀምራሉ። በተቃራኒው ወገን ሽፋኑ ይወጠራል፤ እዚያ ደግሞ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ክፍተቱን ይሞላሉ። ጥርሱ እንዲህ ከፊቱ እያስፈረሰ ከኋላው እያስገነባ ይጓዛል፤ ነገሩ ሁሉ ደህና ከሆነ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ።

ጉዞው ሁለት ዓይነት ነው። ጥርሱ ሥሩንም ጫፉንም ይዞ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ ይህ ከባድ ነው፣ ብዙ ቁጥጥር ይጠይቃል። ወይም ያዘነብላል፤ ጫፉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሥሩ ባለበት ይቀራል። የአጥርን እንጨት ከላይ በኩል የገፋ ሰው የትኛው እንደሚቀል ያውቃል። የታችኛው መካከለኛ የፊት ጥርስ ደግሞ ከቋሚ ጥርሶች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ። ለማዘንበል እንደ እሱ የሚመች ጥርስ የለም።

ላይኛውን የሚስበው ኃይል ታችኛውን ለምን ይነካል?

ክረምት ነው እንበል፣ ጭቃ የያዘው መኪና አለ። የገመዱን አንድ ጫፍ ከመኪናው፣ ሌላውን መንገድ ዳር ካለ ዛፍ ጋር አስራችሁ ማጥበቅ ጀመራችሁ። ገመዱ መኪናውንና ዛፉን እኩል ይስባል፤ ማንን ማንቀሳቀስ እንደፈለጋችሁ ገመዱ አያውቅም። ዛፉ ዋርካ ከሆነ መኪናው ይወጣል። ለጋ ባሕር ዛፍ ከሆነ መኪናው ጥቂት ይንቀሳቀሳል፣ ዛፉም ይጎብጣል።

አፍ ውስጥ መኪናው የላይኛው ጥርስ ነው። ሐኪሙ ገመዱን የሚያስርበት ነገር መኖር አለበት፤ እጅግ ቅርብ የሆነው የታችኛው ጥርስ ረድፍ ነው። የታቹ ጥርሶች በአንድ ሽቦ ስለተያያዙ ኃይሉን ይካፈሉታል፤ ጀርባ ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ሁለት ሁለት ሥር ተክለው ቆመዋል፣ ፊት ያሉት አራቱ ግን አንዳንድ ቀጭን ሥር ብቻ ነው ያላቸው። ረድፉ በሙሉ ወደ ፊት ሲሳብ ጫፍ ላይ ያሉት እነዚህ አራቱ ወደ ከንፈር ያዘነብላሉ። ኒውተን በ17ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ሦስተኛው ሕግ፣ ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለ የሚለው፣ አፍ ውስጥም ሳይዛነፍ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ማዘንበሉ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ጣት ሲጠባ ያደገ ልጅ ወይም የታችኛው ከንፈሩ ከላይኛው ጥርስ ሥር እየገባ የሚታሰር ልጅ፣ የታችኛው ጥርሱ ለዓመታት ወደ ውስጥ ሲገፋ ኖሯል። እንዲህ ያለው ጥርስ ወደ ፊት ቢወጣ ወደሚገባው ቦታ ተመለሰ እንጂ አልተበላሸም። በሌላ በኩል መንጋጭላው ወደ ኋላ የቀረ ሰው የታችኛው ጥርሱ ክፍተቱን ለማካካስ በተፈጥሮ አስቀድሞ ወደ ፊት ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሰው ተጨማሪ ግፊት ሌላ ጉዳይ ነው። መነሻው የት ነበር የሚለው መድረሻውን ያህል ያስፈልጋል።

የትኛው መሣሪያ ምን ያደርጋል?

በጣም የተለመደው ላስቲክ ነው። ከላይኛው ክራንቻ ተነስቶ ወደ ታችኛው መንጋጋ ይዘረጋል፤ ታካሚው ራሱ ያስገባዋል፣ ከምግብና ከጥርስ መቦረሽ በቀር ቀኑን ሙሉ አያወልቀውም። ላይኛውን ወደ ኋላ፣ ታችኛውን ወደ ፊት ይስባል። ዓይን ላይ ያለ ቀላል ነገር ስለሆነ «ላስቲክ ብቻ ነው» ይባላል፤ የመኪናው ገመድ ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መንጋጭላውን ወደ ፊት ይዞ የሚያቆም መሣሪያ ነው። የዚህ ቤተሰብ ሽማግሌ ኸርብስት ይባላል፤ ጀርመናዊው ኤሚል ኸርብስት በ1909 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በርሊን ላይ ለባለሙያዎች ያሳየው በግራና በቀኝ የሚቀመጥ የብረት ቱቦና ዘንግ ነው። አፍ ሲዘጋ ዘንጉ የታችኛውን መንጋጭላ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያደርገዋል። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ተረስቶ ቆይቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሃንስ ፓንቸርዝ የተባለ ተመራማሪ ስዊድን ውስጥ አነሳው። በ1977 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ክላርክ ትዊን ብሎክን ሠራ፤ ላይና ታች የሚገቡ ሁለት የፕላስቲክ መሣሪያዎች ሲሆኑ ተዳፋት ገጻቸው ሲገናኝ አገጩን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል። ሁለቱም የታችኛውን መንጋጭላ ይዘው ያቆማሉ። ጡንቻው ግን ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ቀን ከሌት ይጎትታል፤ ይህ ጉተታ መሣሪያው በያዘው ጥርስ ላይ ያርፋል።

በቋሚ ብሬስ ላይ የሚገጠሙ ስፕሪንጎችም አሉ፤ ላይኛውን ወደ ኋላ ታችኛውን ወደ ፊት ይገፋሉ፣ እንደ ላስቲክ በታካሚው ፈቃድ የሚወልቁ አይደሉም። ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋኖችም፣ ብዙዎች «የማይታየው ብሬስ» የሚሏቸው፣ ገጣጣን ሲያስተካክሉ ብዙ ጊዜ በላስቲክ ይታገዛሉ። ፕላስቲክ ስለሆነ ሕጉ አይለወጥም።

ከታችኛው ጥርስ ጋር ምንም የማይጋጨው ጥንታዊው መንገድ በአንገት ወይም በራስ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ነው፤ ዛፉ አንገት ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ታዳጊ ልጅ ይህን አድርጎ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ማሳመን ከባድ ነው። ምትኩ አጥንት ውስጥ በጊዜያዊነት የምትገባ ትንሽ ብሎን ናት፤ ገመዱ ከጥርስ ይልቅ ከአጥንት ጋር ይታሰራል።

ታዲያ አገጩ አያድግም?

መንጋጭላውን ወደ ፊት የሚያመጡት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁት «አገጭ ያሳድጋል» በሚል ነው። የሚያድግ ነገር አለ፤ ቁጥሩን ማየት ግን ይጠቅማል።

ፓንቸርዝ በ1982 ያሳተመው ጥናት 22 ታካሚዎችን ለስድስት ወር ያህል በኸርብስት ያከመ ነበር። የላይኛውና የታችኛው የፊት ጥርስ ርቀት በአማካይ 5.2 ሚሊ ሜትር ቀነሰ። ከዚህ ውስጥ 2.2 ሚሊ ሜትሩ የታችኛው መንጋጭላ በመርዘሙ የተገኘ ነው። 1.8 ሚሊ ሜትሩ የታችኛው የፊት ጥርስ ወደ ፊት በመሄዱ ነው። መስታወት ፊት የሚታየው ውጤት አንድ ሲሆን ከውስጡ ሲሶው የታችኛው ጥርስ ዘንበል ያለበት ነው ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር ከ8 እስከ 10 ዓመት ባሉ 174 ልጆች ላይ የተካሄደና በ2003 የታተመ ትልቅ ሙከራ ትዊን ብሎክን ሲመረምር ገጣጣነቱ በእርግጥ ተስተካክሏል፤ አብዛኛው ለውጥ ግን ከጥርስ የመጣ ነበር፣ ከአጥንት የመጣው ጥቂት ነው። ቀድሞ በልጅነት ማስጀመርን ጉርምስና እስኪደርስ ከመጠበቅ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ቀድሞ መጀመር ያስገኘው ግልጽ ጥቅም የላይኛው ጥርስ በመውደቅ ወይም በመመታት የመሰበር ዕድሉ መቀነሱ ነው። ይህ ኳስ ለሚጫወት ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። «አሁን ካልጀመርን አገጩ አያድግም» ተብሎ የተጣደፈ ወላጅ ግን ይህን ቢያውቅ ትንፋሽ ይወስዳል።

አዋቂ ሰው ላይ መንጋጭላ አያድግም። መሣሪያው የሚያንቀሳቅሰው ጥርስን ብቻ ነው፤ ከባድ ከሆነ ምርጫው ቀዶ ሕክምና ነው። የሚገርመው ነገር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙ የታችኛውን ጥርስ በተቃራኒው ወደ ኋላ ይስበዋል። ገጣጣነቱ ለጥቂት ወራት ይብስበታል፤ መንጋጭላው በቀዶ ሲመጣ ሙሉ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ይህን ያልተነገረው ታካሚ የሚደነግጠውን አስቡት።

ጥልቅ ንክሻ ሲስተካከልስ?

የላይኛው ጥርስ በጣም ወጥቶ ሲቆም የታችኛው የሚያርፍበት ያጣል። የሚያስቆመው የለምና ወደ ላይ ማደጉን ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ላንቃውን እስኪነክስ ድረስ። እንዲህ ዓይነቱን የታች ረድፍ ከጎን ብታዩት መሃሉ እንደረገበ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ፊቱና ኋላው ከፍ፣ መካከሉ ዝቅ ያለ።

ሐኪሙ ሽቦ አስገብቶ ረድፉን ያስተካክለዋል። የረገበ ገመድ ሲወጠር ጫፎቹ ይራራቃሉ፤ ጥርሶችም እንዲሁ። ኋላ መንጋጋዎቹ ቆመዋል፣ አይነቃነቁም፤ የቀረው መውጫ ፊት ለፊት ነው። ላስቲክ ሳይታሰር፣ ምንም ሳይሳብ፣ ረድፉን ማስተካከል ብቻውን የፊት ጥርሶችን ሊያዘነብል የሚችለው ለዚህ ነው። የተደራረቡ የታች ጥርሶችም ሲዘረጉ ያው ነው። የፊት ጥርሶች 1 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ ረድፉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቦታ ይገኛል፤ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ጥርስ ሳይነቀል የተደረደረ አፍ ቦታውን ብዙ ጊዜ ያገኘው ከዚህ ነው።

ስንት ዲግሪ ነው «በዛ» የሚባለው?

ይህ ጥያቄ ሙያውን ሲያከራክር ኖሯል፤ ክርክሩ ለእኛም የሚነካ ነገር ስላለበት ልዘግይበት።

የዘመናዊው የጥርስ አሰላለፍ ሕክምና አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ጥርስ መንቀልን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ተማሪው ቻርልስ ትዊድ በአሪዞና ግዛት ክሊኒክ ከፍቶ ለዓመታት የመምህሩን መንገድ ተከተለ፤ ምንም ሳይነቅል ጥርሶቹን ሁሉ በረድፍ አሰለፈ። ከዚያ ያከማቸውን ሰዎች መልሶ ጠርቶ አያቸው። የብዙዎቹ ጥርስ ወደ ፊት ተገፍቶ አፋቸው ሞልቷል፤ አንዳንዱም ወደ ቀድሞው መደራረብ ተመልሷል። ትዊድ መምህሩን ከመካድ የማይተናነስ ነገር አደረገ፤ አራት ጥርስ እየነቀለ እንደገና አከማቸው። ለራሱም መመሪያ አወጣ፤ የታችኛው የፊት ጥርስ ከመንጋጭላው የታች መስመር ጋር 90 ዲግሪ ገደማ ይቁም፣ አምስት ቢበዛ ወይም አምስት ቢያንስ። የታችኛው ትንሽ ጥርስ የዕቅዱ ሁሉ መነሻ ሆነ።

ቁጥሩ እስከ ዛሬ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለ። የተወሰደው ግን በዋናነት ከነጭ አሜሪካውያን ፊት ነው። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ልኬቶች የፊት ጥርሶች፣ የላይኛውም የታችኛውም፣ በጤናማ ሰው ላይ ከዚህ የበለጠ ወደ ፊት ያዘነበሉ ሆነው ይገኛሉ። የአንዲትን አበሻ ልጅ ጥርስ በትዊድ 90 ብቻ ለክቶ «አዘንብሏል» ማለት የሰውን ጫማ በሌላ ሰው እግር መለካት ነው። ጥሩ ሐኪም ቁጥሩን ያያል፣ ከቁጥሩ ይልቅ ግን ከንፈር ሲዘጋ ይወጠራል ወይ፣ ድዱ ወፍራም ነው ወይ፣ ሕክምናው ሲጀመር የት ነበር የሚሉትን ይመዝናል።

ድድ ይሸሻል ወይ?

ሰዎች በጣም የሚፈሩት ይህን ነው፤ ድዱ ወርዶ ጥርሱ ረዝሞ መታየቱን፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው መሰቅሰቁን። ፍርሃቱ መሠረት አለው። የታችኛው የፊት ጥርስ የቆመበት አጥንት ጠባብ ነው፤ ከሥሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ብዙ ሰው ላይ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተዳፋት መሬት ላይ በጠባብ እርከን ጫፍ የተተከለ እንጨት ብትገፉት ከፊቱ የሚይዘው አፈር ጥቂት ነው። ጥርሱ ከአጥንቱ ወሰን ከወጣ ሥሩን የሚሸፍነው ድድ ብቻ ይሆናል። ድዱም ስስ ከሆነ በብሩሽ ክርክር ወይም በቆሻሻ ቁጣ ቀስ በቀስ ይሸሻል።

ይሁንና ያዘነበለ ሁሉ ድዱ አይሸሽም። በ1998 የታተመ፣ ጀርመን ውስጥ በኸርብስት የታከሙ 98 ልጆችን የተከታተለ ጥናት 392 የታችኛው የፊት ጥርሶችን መረመረ። ጥርሶቹ በአማካይ 9 ዲግሪ ያህል አዘንብለዋል፤ ትንሽ አይደለም። ድዱ የሸሸባቸው ወይም የባሰባቸው ግን 12 ጥርሶች ብቻ ነበሩ፣ ከመቶ 3። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች ሁሉ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። በልጆች ላይ የታየው ለአዋቂ በቀጥታ አይሠራም፤ የአዋቂ ድድ ከዚያ በፊትም ብዙ ነገር ያሳለፈ ነው። ከማዘንበሉ መጠን ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የድዱ ውፍረትና ንጽሕና ነው። ስስ ድድ ያለው፣ ብሬስ አስሮ በደንብ የማይቦርሽ ሰው አደጋው ከሌላው ይበልጣል።

ስስ ድድን ሐኪሙ በቀላሉ ይለየዋል። ቀጭን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል ያስገባል፤ ብረቱ በድዱ ውስጥ አስተላልፎ ከታየ ድዱ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንዳንዴ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከላንቃው ጥቂት ሥጋ ተወስዶ ድዱ እንዲወፍር ይደረግለታል።

ሐኪሙ ማዘንበሉን ለመቀነስ ምን ያደርጋል?

መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ ሽቦው ራሱ ነው። ክብ ሽቦ በብራኬት፣ ጥርሱ ላይ በተለጠፈው ትንሽ የሽቦ መያዣ፣ ውስጥ ስለሚሽከረከር ጥርሱ እንዳሻው ያዘነብላል፤ አራት ማዕዘን ያለው ወፍራም ሽቦ ግን ቀዳዳውን ሞልቶ ጥርሱን ከነማዕዘኑ ይይዘዋል። ላስቲክ ከዚህ ሽቦ በፊት ከተጀመረ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር አይደለም። ብራኬቶቹም የታችኛውን ጥርስ ጥቂት ዲግሪ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ ተደርገው ሊሠሩ ይችላሉ፤ መሣሪያው የሚገፋውን አስቀድሞ ለማካካስ።

ሁለተኛው ቦታ መፍጠር ነው። በጥርሶች መካከል በስስ ሞረድ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ከየጎኑ ይላጋል፤ የሚነካው የጥርሱ ጠንካራ ልባስ ነው፣ በልክ ከሆነ አያምም። ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ካስፈለገ መንቀል ይመጣል። ላይ ብቻ ሁለት ጥርስ ነቅሎ ላይኛውን ወደዚያ መመለስ ከታችኛው ብዙ አይጠይቅም። ሰዎች መንቀልን ሲሰሙ ይሸሻሉ፤ አንዳንዴ ግን የታችኛውን ድድ የሚያድነው እሱ ነው።

ብሬሱ ከወጣ በኋላስ?

የተገፋ ጥርስ ወደመጣበት መመለስ ይወዳል። መሣሪያው ከወለቀ በኋላ ከማዘንበሉ ከፊሉ በራሱ ይመለሳል፤ ይህ ሲሆን ጥርሶቹ ቦታ ያጣሉና መደራረብ ይጀምራሉ። ስለዚህ ከታችኛው ስድስት ጥርስ ጀርባ፣ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ፣ ቀጭን ሽቦ ይለጠፋል። ሪቴይነር ይሉታል፤ ለዓመታት እዚያው ይቆያል። ከጀርባው ቆሻሻ በፍጥነት ስለሚደነድን ጥርስ ማሳጠብን ማዘውተር ያስፈልጋል። ሽቦው ከአንድ ጥርስ ተላቅቆ ሳይታወቅ ከቆየ ወይም ከተጣመመ ጥርሱን ራሱ ሊያጣምም ይችላል። በምላስ ሲነካ የሚነቃነቅ ነገር ካለ «ቆይ እሄዳለሁ» አያዋጣም።

የታችኛው የፊት ጥርስ ብሬስ ያላየው ሰው ላይም ከዕድሜ ጋር ይጠብባል፣ ይደራረባል። የመጨረሻው መንጋጋ ስለገፋው ነው የሚለው ወሬ ብዙ ማስረጃ የለውም።

ከመጀመሬ በፊት ምን ልጠይቅ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ላስቲኩን ወይም መሣሪያውን የሚመለከት ይሁን፤ የላይኛውን የምትስቡት ከምን ጋር አስራችሁ ነው? ሁለተኛው፣ የታችኛው የፊት ጥርስ አሁን ስንት ዲግሪ ላይ ነው፣ ሲያልቅስ የት ይደርሳል ብላችሁ አስባችኋል? ሦስተኛው ስለ ድድ፤ ስስ ነው ወፍራም? እነዚህን መልሶ ራጁን አብሮ የሚያሳይ ሐኪም ጊዜ አላባከነባችሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ ኦርቶዶንቲስት የሚገኘው በአብዛኛው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ቤተሰብ በአንድ ጉብኝት ሁሉን ጠይቆ መሄዱ ይሻለዋል። በፖስታ የሚመጣ፣ ሐኪም አፍ ውስጥ ሳያይ የሚላክ ሽፋን ለገጣጣ አይሆንም፤ አጥንቱንም ድዱንም ያየ የለምና። በዚህ ሥራ የታወቀው የአሜሪካ ኩባንያ ስማይል ዳይሬክት ክለብ በታህሣሥ 2023 በፈረንጅ ሲዘጋ ሕክምናቸው በመሃል የቀረባቸው ደንበኞች ነበሩት።

ለሐኪሙ ሳይጠየቁ መናገር የሚገባ አንድ ነገርም አለ። ልጁ በሕፃንነቱ «ተቅማጥ ያመጣል» ተብሎ የወተት ክራንቻው ተነቅሎ ከሆነ ይነገር። ይህ ልማድ በኢትዮጵያ፣ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተሰቦች ዘንድም፣ ታይቷል። ሲነቀል ከሥሩ የነበረው የቋሚ ክራንቻ ቡቃያ ሊጎዳ ይችላል፤ ክራንቻው ሳይወጣ ሲቀር የታችኛው የፊት ጥርሶች ወደ ባዶው ጎን ይንሸራተታሉ። የሪቴይነሩም መያዣ ይጎድላል።

የመጨረሻው ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ብሬሱ ከመታሰሩ በፊት የታችኛውን ከንፈር በጣት ወደ ታች ገልጦ፣ መስኮት አጠገብ ቆሞ፣ አራቱን ጥርስና ድዱን በስልክ ፎቶ ማንሳት። በየስድስት ወሩ ያንኑ ፎቶ፣ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ርቀት። ድድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲወርድ በየቀኑ መስታወት የሚያይ ዓይን አያስተውለውም፤ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ይታያል።